ሙቶንና ታካዳን ለደብረ ብርሃን ተመልካች እንዴት እንደተረክኩ

የእኔ እኩዮች ያደጉት በየቪዲዮ ቤቱ የአሜሪካንን ሬስሊንግ እያዩ ነው። የጃፓኑን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ለገና ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ወዳጄ ፕሮጀክተር ያለው አዳራሹን ሲፈቅድልኝ ምርጫው አላስቸገረኝም። የኬይጂ ሙቶና የኖቡሂኮ ታካዳ ግጥሚያ ነው ያልኩት። ቶኪዮ ዶም በሚባለው ስታዲየም፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1995። በእኛ መስከረም 28 ቀን 1988 መሆኑ ነው። በዚያን ቀን 67,000 ሰው እንደገባ አዘጋጆቹ ተናግረዋል።

ማይክ ይዤ በአማርኛ ተረኩት። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ዝግጅቴን በሙሉ ማለት ይቻላል ያዋልኩት ከግጥሚያው በስተጀርባ ባለው የሁለት ድርጅቶች ጠብ ላይ ነው። ግጥሚያው ራሱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጠቡን ያላወቀ ሰው ግን ሁለት ቁምጣ የለበሱ ጃፓናውያን ሲታገሉ ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ስክሪኑን ሳልከፍት ታሪኩን ጀመርኩ።

አንደኛው ቤት ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ ነው። አንቶኒዮ ኢኖኪ በፈረንጆቹ በ1972 የመሠረተው፣ ትልቅና ባለጸጋ ድርጅት። ሙቶ በ1995 የከባድ ሚዛን ቀበቶውን የያዘው የዚህ ቤት ሻምፒዮን ነበር። ሁለተኛው ቤት በ1991 የተቋቋመው ዩ ደብልዩ ኤፍ ኢንተርናሽናል ነው። ኮከቡ ታካዳ ነው። እነዚህኞቹ የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። «የሌላው ድራማ ነው፣ የእኛ እውነተኛ ፍልሚያ ነው» ባዮች ናቸው። ከገመድ ላይ መዝለል የለም፤ ጠንካራ እርግጫ አለ፣ እጅና እግር መቆለፍ አለ። በ1994 ደግሞ የሌሎቹን ድርጅቶች ሻምፒዮኖች በአደባባይ ጠሩ። ሽልማቱ 100 ሚሊዮን የን። ማንም አልመጣም። የተጠሩትም ጥሪውን እንደ ንቀት ቆጠሩት።

እዚህ ላይ አዳራሹ ሞቅ አለ። የገናን ጨዋታ ያየ የሸዋ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ሁለት መንደር ሲፎካከር ይከርምና ገናውን ይዞ ሜዳ ላይ ይገናኛል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ የልብ የሚነገርበት ቀን ነው። የጃፓኖቹንም እንደዚያው አድርጌ ነገርኳቸው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት።

ከዚያ ውድቀቱን አስከተልኩ። በዚያው በ1994 ዲሴምበር ላይ ከታካዳ ቤት ዮጂ አንጆ የሚባል ታጋይ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደ። ሪክሰን ግሬሲ የሚባለውን ብራዚላዊ በገዛ ማሠልጠኛው ሊገጥመው ነበር የሄደው። አንጆ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ወጣ። «እውነተኛ ፍልሚያ» ያለው ቤት ስሙ ተሰበረ። ገንዘቡም ሳሳ። በመጨረሻ ሲፎክርበት ከነበረው ትልቅ ቤት ጋር መደራደር ግድ ሆነበት።

ውጤቱ አስቀድሞ የተስማሙበት መሆኑን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ተናገርኩ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። መሐል ላይ አንዱ ወጣት «የውሸት ነው እኮ!» ብሎ ቢጮህ ትረካው እዚያው ይሞታል። ቀድሞ የተነገረ እውነት ግን ማንንም አያስኮርፍም።

ከፊት ረድፍ በርኖሳቸውን የደረቡ አንድ የመንዝ አባት ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ተስማምተው ከሆነማ ምኑን ነው የምናየው?»

«አባባ፣ የሚሸነፈው ሰው ምን ቢያገኘው እሺ እንዳለ ነው የምናየው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ደህና ነገር ነው። ክፈተው» አሉኝ።

ከመክፈቴ በፊት ግን ማን ለማን እንደሚደግፍ እጅ አስወጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ በብዛት ታካዳ አሉ። ያን ሁሉ ከፎከረ በኋላ አንገቱን ደፍቶ መምጣቱ አሳዝኗቸዋል። ትልልቆቹ ሙቶ አሉ፤ የተናቀው ቤት ክብሩን ማስመለስ አለበት ባዮች ናቸው። ደጋፊ የሌለው ግጥሚያ ብርድ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ብቻውን ይበቃል።

ድምፁን በተመለከተ የጃፓኑን ኮሜንታተር ከነተመልካቹ ጩኸት ትቼ መጠኑን ብቻ ቀነስኩት። ጩኸቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የዶሙ ሰው ሲነሣ የእኛም አዳራሽ አብሮ ይነሣል። ስሞቹን «ሙቶ» እና «ታካዳ» ብቻ አልኩ። በሚታየው ነገር ላይ አልተናገርኩም። እርግጫ ሁሉም ያየዋል። የተናገርኩት የማይታየውን ነው። ለምሳሌ ገመዱን የነካ ሰው ከተቆለፈበት እንደሚለቀቅ። ወይም ሙቶ ከገመድ ላይ ተገልብጦ በመውደቅ የታወቀ ሆኖ ሳለ ከታካዳ ጋር መሬት ላይ ተያይዞ መታገሉ ምን መልእክት እንዳለው። «በእናንተው ሞያ እንገናኝ» ማለቱ ነበር።

መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። ታካዳ በእርግጫው ይመካል። የሚረግጥበትን እግር ሙቶ ይይዝና ጠምዝዞ ይጥለዋል። ጉልበቱ ይጎዳል። ከዚያ እግሮቹን አጣምሮ የአራት ቁጥር ቅርጽ ባለው ቁልፍ ይይዘዋል። ይህ ቁልፍ የድሮ የሬስሊንግ መያዣ ነው። «እውነተኛ ፍልሚያ» የሚሉት ሰዎች የድራማ ዕቃ አድርገው የሚያዩት ዓይነት። እኔ በበኩሌ የግጥሚያው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ታካዳ በቡጢ ወይም በእርግጫ ቢሸነፍ ኖሮ ተራ ሽንፈት ነው። የተሸነፈው በናቀው ነገር ነው። ይህን ቁልፉ ከመምጣቱ በፊት፣ ገና እግሩ ሲያዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና ማይኩን አጠፋሁ።

ታካዳ እጅ ሲሰጥ ተማሪዎቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከኋላ የነበሩት ሙቶዎች ጭብጨባውን አቀለጡት። አንዲት እናት «እግዚኦ እግሩን!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። የጮኸ አዳራሽ ላይ መናገር የሰዉን ስሜት መቀማት ነው።

ከግጥሚያው በኋላ ወዲያው አለመበተን ጥሩ ነው። ሻይ አፈላን፤ ክርክሩ ከግጥሚያው ይረዝም ነበር። እኚያው አባት ተመልሰው መጡ።

«ቤቱስ ተረፈ?» አሉኝ።

አልተረፈም። ታካዳ በጃንዋሪ 4 ቀን 1996 ሙቶን እዚያው ዶም ውስጥ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። በኤፕሪል 29 ግን የኒው ጃፓኑ ሺንያ ሃሺሞቶ ታካዳን አሸንፎ ቀበቶውን አስመለሰ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር ላይ፣ የታካዳ ቤት ተዘጋ። ታካዳ ራሱ በኦክቶበር 1997 አንጆን ያደማውን ሪክሰን ግሬሲን ገጠመ። ያ ስምምነት የሌለበት ፍልሚያ ነበር። ተሸነፈ።

ተማሪዎቹ የጃንዋሪውን አሁኑኑ ክፈት ብለው ያዙኝ። እምቢ አልኩ። በአንድ ምሽት ሁለቱን ማየት የመጀመሪያውን ያቀለዋል። ለፋሲካ ሰሞን የሃሺሞቶን ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ፤ የጃንዋሪውን ከዚያ በፊት በታሪክ ነው የምነግራቸው። አዳራሹም ተፈቅዷል።