ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም የምትሄዱ ጧት ድረሱ

ከአሮጌዋ ከተማ በስተደቡብ አርሞን ሃናፂቭ የሚባል ከፍታ አለ። በእንግሊዞች የአስተዳደር ዘመን የከፍተኛ ኮሚሽነሩ መኖሪያ እዚያ ስለነበር በዕብራይስጥ «የገዥው ቤተ መንግሥት» ተባለ። ዳሩን ይዞ በድንጋይ የተነጠፈ ረጅም መሄጃ ተሠርቶለታል። ጫፉ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሸለቆው ከእግር ሥር ወርዶ፣ ከማዶ የከተማዋ ግንብ ይታያል፤ ከግንቡም ውስጥ ቤተ መቅደሱ የነበረበት ተራራ ፊት ለፊት ነው። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄሶች የጾምና የኪዳን ማደሻ በዓላቸውን ስግድን የሚያሳርጉት እዚህ ነው። ከኢትዮጵያ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጽዮን ተራራና በምዕራባዊው ግንብ ያከብሩ ነበር፤ ሕዝቡ ሲበዛ ወደዚህ ሰፊ ቦታ ዞረ።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ የድምፅ ማጉያው ገና እየተሞከረ፣ ጥቂት አረጋውያን ነጠላቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ተራራው መልሰው ቆመው ነበር። የስግድ ፍሬ ያለው ከዚህ ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ነው። እኩለ ቀን ላይ የሚመጣ እንግዳ ባለ ጥልፉን ጃንጥላ፣ ነጩን ቀሚስና እልልታውን አይቶ ይመለሳል፤ ጾሙና ንባቡ ያመለጡት ሰው ግን ስግድን አየሁ ማለት አይችልም።

መጀመሪያ ቀኑን አጣርታችሁ ተነሡ። ስግድ የሚውለው በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነው። ቤተ እስራኤል «አስተሰርዮ» ከሚሉት ከዮም ኪፑር ጀምሮ፣ ያን ቀን ጨምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን መሆኑ ነው። ከፋሲካ እስከ በዓለ ሰዊት (ሻቩዖት) ያለውን የሃምሳ ቀን ቆጠራ ያስታውሳል። የአይሁድ ወር በጨረቃ ስለሚሄድ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ሃያዎቹ ድረስ ይንቀሳቀሳል፤ ባለፈው ዓመት የዋለበትን ቀን ይዞ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በዓሉን ሳያገኝ ይቀራል። ሌላም ጉዳይ አለ። ሔሽቫን 29 ቅዳሜ ከዋለ ሰንበት እንዳይነካ በዓሉ ወደ ሐሙስ ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ቅዳሜ፣ በእኛ ኅዳር 21 ላይ ስለዋለ የተከበረው ከሁለት ቀን በፊት ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሲሆን ደግሞ ማግስቱን አስቡበት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱም ባቡሩም ቆሞ እስከ ቅዳሜ ማታ አይንቀሳቀስም። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ኢየሩሳሌም በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ዓርብ ማታ ለሚያርፍ መንገደኛ ግን ያ ባቡር የለም። በከተማው አውቶቡስ ለመሄድ ራቭ ካቭ የሚባለውን ካርድ ቀድማችሁ ሙሉ፤ ሹፌሩ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ልብስ ነጭ ቢሆን መልካም ነው፤ ዋናው ግን ንጹሕ መሆኑ ነው። በአገር ቤት ሰው ሁሉ በዋዜማው ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ያጥብ ነበር፤ ሳይነጻ ከተራራው የሚወጣ አልነበረም። ከነጠላው ሥር ወፍራም ሹራብ ደርቡ፤ ከፍታው ላይ የኅዳር ነፋስ ያለ ከልካይ ይመታል። ከንባቡ እስከ ስግደቱ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው በመቆም ስለሆነ፣ ለጉልበታቸው የሚሰጉ አዛውንት አብረዋችሁ ካሉ የሚታጠፍ ወንበር ያዙላቸው። ጾሙ ምግብም ውሃም የለበትም፤ የሚፈታው ጸሎቱ ሲያልቅ ነው። መጾም ግዴታ የለባችሁም፤ ነገር ግን በጿሚዎች መካከል ቆሞ መብላት ነውር ነው፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዘወር ብሎ ይውሰድ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥርዓቱ እንግባ። መሠረቱ መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ነው። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም ተሰብስቦ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ ያነብለታል፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲያስተውል ይተረጉሙለታል። በወሩ 24ኛ ቀን ደግሞ ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው ቆመው የቀኑን ሩብ ሲያነቡ፣ ሌላውን ሩብ ሲናዘዙና ሲሰግዱ ይውላሉ። የስግድ ቀን በትክክል ይህንኑ ይከተላል። «ምህላ» የሚለው ሌላው ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ስግድ ማለት ደግሞ ያው በአማርኛችን የምናውቀው መስገድ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ቄሶቹ ነጭ ጥምጥማቸውን አስረው፣ ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከላይ ጃንጥላ ተይዞላቸው ይወጣሉ። ኦሪቱ በምኩራብ እንደምናየው የኦሪት ጥቅልል አይደለም፤ በግእዝ የተጻፈ፣ የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ነው። አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት፣ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ጨምሮ ስምንት ይሆናል። ቀረብ ብሎ ላየው የብራናው ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ቄሱ ጣታቸውን ከመስመሩ በላይ አንሥተው ይከተላሉ እንጂ ቀለሙን አይነኩም። እናንተም መጽሐፉን ለመንካት እጅ አትዘርጉ።

ጸሎቱ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ልቡ ይደነግጣል፤ ግእዙን ያውቀዋልና። ዜማውም የሚያውቀው ይመስለዋል። ሆኖም ቄስ የሚለው ማዕረግ አንድ ስለሆነ ሃይማኖቱም አንድ መስሎት መሳለም የሚፈልግ አለ፤ ያ ስሕተት ነው። እነዚህ በኦሪት ሥርዓት የቆሙ የአይሁድ ካህናት ናቸው። ስማቸውም ቤተ እስራኤል ነው፤ በድሮው ስማቸው መጥራት ስድብ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም።

ከዚያ ንባቡ ይቀጥላል። ከኦሪት ዘጸአት 19 እና 20 የሲና ተራራው ኪዳንና ዐሠርቱ ቃላት፣ ከነህምያም ያ የንስሐ ጸሎት ይነበባል። በግእዝ ተነቦ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጎማል፤ አሁን አሁን ለልጆቹ ሲባል ዕብራይስጥም ተጨምሯል። በእኔ እምነት የቀኑ ከፍተኛ ሰዓት ይህ ትርጓሜ ነው። የሚያነቡትም የሚተረጉሙትም ሌዋውያኑ በዚያ ቀን ያደረጉትን ነው የሚያደርጉት። በየመካከሉ ሕዝቡ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይመልሳል፤ በግንባሩም ተደፍቶ ይሰግዳል። በአገር ቤት ተራራውን ሲወጡ በራስ ወይም በትከሻ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር፤ የትሕትናና የመገዛት ምልክት ነው። ለሙታን መታሰቢያ ደግሞ ወፍ እንዲለቅመው እህል ይተዉ ነበር።

የሚሰገደው ወደ ሰሜን ነው፤ መቅደሱ ከዚህ በስተሰሜን ነውና። አምቦበርና ሌሎቹ የጎንደር መንደሮች ሳሉም የሚሰግዱት ወደ ሰሜን ነበር፤ ኢየሩሳሌም ለጎንደር ሰሜን ናት። ልዩነቱ ያን ጊዜ በመካከል በረሃና ባሕር ነበረ፤ ዛሬ አንድ ሸለቆ ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ ስለ ኢየሩሳሌም መጾም ለምን አስፈለገ? ብዙ ጎብኚ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ከቦታው ይታያል፤ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ላይ ቤተ መቅደሱ የለም። ኪዳን ማደስ ደግሞ ለስደት ዘመን ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ነህምያ ራሱ ያደረገው ከስደት ከተመለሰ በኋላ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ሰዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል ከወጡት ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ ካምፕ አልቀዋል። መታሰቢያቸው በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል፤ ጊዜ ያለው በማግስቱ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝም የቀረ ዘመድ ነበር፤ ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ሆኖ የሚጠብቅ አለ። የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ቢያደርገውም፣ ለእነዚህ ቤተሰቦች ምህላው አላበቃም።

ቀትር ካለፈ በኋላ ኦሪቱ ተጠቅልሎ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ እየተመታ ይወረዳል። እልልታና እስክስታ ከዚህ በኋላ ነው፤ ፎቶ ማንሣትም በዚህ ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ አረጋውያንን ግን አስፈቅዱ። ቤታችሁ ያበሰላችሁትን ምግብ ለበዓሉ ሰው አታቅርቡ፤ የኮሸር ሕግ ስላለ ሰውየው እንቢ ለማለት ይቸገራል። ያልተላጠ ፍራፍሬ ይዞ መሄድ ይበቃል። በነጠላ የተሸፈነው ድፎ ዳቦ ወደ ቄሱ ይቀርብና ይባርኩታል፤ ቆርሰው ሲሰጧችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። «እንኳን አደረሳችሁ» ለሚላችሁ መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው፤ ጾሙም በዚያች ቁራሽ ይፈታል።