ጨው፣ ክኒንና የጽንስ አንጎል

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰቱ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሴት ወር አበባዋ መቅረቱን ልብ የምትለው ያኔ ነው። ስለዚህ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከእርግዝና በፊት ይጀመራል።

ጨው ላይ ቆም እንበል፤ ለጽንሱ አንጎል እድገት የሚያስፈልገው አዮዲን የሚገኘው ከእሱ ነውና። እንደ ደሴ ባለ ደጋ አፈሩን ዝናብ እያጠበው አዮዲኑ ይሳሳል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። አዮዲን ያለው ጨው ተገዝቶ ክፍት ዕቃ ውስጥ ምድጃ ዳር ከተቀመጠ፣ ወጡም ገና ሲጣድ ከተጨመረ ብዙው ይባክናል። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። የአይረን (ብረት) ክኒንም ከአቦል ጋር አይዋጥ፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ሁለት ሰዓት ያህል ይራራቁ።

ረሀብስ? በ1944 እና 45 (እ.ኤ.አ.) ሆላንድ ውስጥ ረሀቡ በከፋበት ወቅት የተፀነሱ ልጆች አድገው በስኪዞፍሬኒያ (በከባድ የአእምሮ ሕመም) የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ወሎ ላይ ይህን የሚሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ ግን ሕመሙ ከ100 ሰው አንዱን ቢይዝ ነው፣ እጥፉ ሁለት። አብዛኞቹ አልታመሙም። መንስኤውም አንድ አይደለም፤ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር አለበት፣ የወሊድ ችግር አለበት፣ በልጅነት የደረሰ በደልም አለበት። «እናቱ ናት ያበላሸችው» የሚሉት ነገር ስህተት ነው።