ከኮረብታ ላይ ሩቅ ለማየት፦ የጠራውን ሰዓት መለየት

በበጋ ብዙ ቀን ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ፣ አድማሱ ግን ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ሽቅብ የሚያይ ዓይን አቧራና ጭስ ያዘለውን የታችኛውን አየር ቶሎ ይሻገረዋል፤ ወደ አድማስ የሚያይ ግን በዚያው አየር ውስጥ ብዙ ኪሎሜትር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ቀና ብሎ ሰማይ አይቶ ወደ ኮረብታው መነሳት አያዋጣም።

የሚያዋጣው የምልክት ዝርዝር ነው። ከኮረብታው ጫፍ የሚታዩ ስምንት ወይም አሥር ነገሮች መርጦ ርቀታቸውን በካርታ መለካት፦ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ኪሎሜትር እያሉ። ምልክቱ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ነጭ ሕንፃ ሳይሆን ደን የለበሰ ተረተር። ጀርመናዊው ሃራልድ ኮሽሚደር እ.ኤ.አ. በ1924 የእይታ ርቀትን (ዓይን እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚለይ) ያሰላው ጥቁር ነገር ከአድማሱ ሰማይ ጋር ባለው የድምቀት ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ወደ 2 በመቶ ሲወርድ ዓይን መለየት ያቆማል። በየጉዞው የመጨረሻው የታየ ምልክት፣ ሰዓቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የአየሩ እርጥበት ይመዝገብ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ተለይተዋል ወይስ የሚታየው ጥቁር ቅርጻቸው ብቻ ነው? ይህቺን መጻፍ ብዙዎች ይረሳሉ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የምትናገረው ግን እሷ ናት።

ዝናብ አቧራውን ያጥባል። ሆኖም ዝናቡ እንዳባራ ሮጦ መውጣት የተለመደ ስህተት ነው። እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን በአየር ላይ የቀሩት ቅንጣቶች ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ብርሃኑንም የበለጠ ይበትናሉ። ደረቅ ነፋስ እስኪገባ መጠበቅ ነው። ማታ ዘንቦ ጠዋት ደረቅ ነፋስ ከነፈሰ ያ ቀን አያምልጥ።

ፀሐይ ከጀርባ ትሁን፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ። ብናኝ ብርሃኑን በብዛት የሚበትነው ወደፊት ስለሆነ፣ ፊትን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲታይ ያው አየር እጥፍ የደፈረሰ ይመስላል። የሸንተረሩን እጥፋት ለማየት ግን ፀሐይ ከጎን ብትመጣ ይሻላል።

ተራራው ጭራሽ ይታይ እንደሆነ አስቀድሞ ይሰላል። የሚቆሙበት ኮረብታ ከሜዳው በላይ ያለውን ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን በ3.86 ማባዛት፤ ውጤቱ በኪሎሜትር ነው። 100 ሜትር ኮረብታ 39 ኪሎሜትር ያህል ያሳያል። ከዚያው ሜዳ 400 ሜትር የሚነሳ ተራራ ደግሞ የራሱን 77 ይጨምራል፤ መሐል የሚጋርድ ከሌለ ጫፉ እስከ 116 ኪሎሜትር ድረስ ከአድማስ በላይ ነው።

ባይኖኩላር 8×42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሰፋ) ይበቃል። ከ10 እጥፍ በላይ የሆነው ያለ ትሪፖድ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል። ሲስተካከል ቀኙን ሌንስ ሸፍኖ በመሐሉ ጎማ ለግራ ዓይን ማጥራት፤ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ፣ ጎማውን ሳይነኩ፣ የቀኙን ዓይን ቀለበት ብቻ ማዞር። ብዙ ጊዜ «ይሄ ባይኖኩላር ያደክማል» የሚባለው ይህ ቀለበት ሳይስተካከል ቀርቶ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከጋለ መሬት የሚነሳው አየር ምስሉን ሲያርገበግበው ግን ማስተካከል አይረዳም፤ ማጉላትም እርግብግቡን ያጎላል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል መቆየት ነው። ወደ እሷ አቅጣጫ ግን ባይኖኩላር በፍጹም አይዞርም፤ ዓይን ያጠፋል።