መብራት ጠፍቶ ነበር

ትናንት ከአጎቴ ጋር ፍርድ ቤት ዋልኩ። ከደሴ በሌሊት ሚኒባስ ይዤ ነው የሄድኩት። የሰፈር ጠብ ነው፤ ሰው መትተሃል ተብሎ ተከሷል። ጠበቃ የለውም።

ከእሱ በፊት የሌላ ሰው መዝገብ ነበር። ጠበቃው የተቃራኒ ወገን የሆነችን አንዲት ወጣት ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጣል። መጀመሪያ ስላየችው ነገር ጠየቃት። ኋላ ግን ማታ ማታ ከማን ጋር እንደምታመሽ መጠየቅ ጀመረ። ዳኛው "ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ እለፍ" አሉት። ደስ አለኝ። ልጅቷ ልትዋረድ አልመጣችም።

የእኛ ተራ ደረሰ። ምስክሩ ቁርአን ይዞ ማለ። "ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከአጥሩ ጥግ ሆኜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ዱላ ይዞ ነበር" አለ።

"መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?"

አጎቴ የጋቢውን ጫፍ ጨብጦ ተነሳ። "ጌታዬ፣ ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ!"

"ጥያቄ ይጠይቁ እንጂ አይናገሩ።"

"ኧረ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነበር!"

"ጥያቄ ከሌለዎት ይቀመጡ።"

ተቀመጠ። ጋቢውን ግን አለቀቀም።

የሽማግሌ ሸንጎ ቢሆን አጎቴን የሚረታው የለም። እዚያ ሰው እንደመጣለት ይናገራል፣ ነገሩን የሚፈትሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ማታ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ገለጥኩ። አንቀጽ 137 እንደሚለው መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርበው ከምስክሩ ቃል ውስጥ ስህተቱን፣ አጠራጣሪውን ወይም ሐሰቱን ለማሳየት ነው። መሪ ጥያቄም፣ ማለትም መልሱን በውስጡ የሚጠቁም ጥያቄ፣ ይፈቀዳል። ታዲያ አጎቴ ሌላ ምን አደረገ? "መብራት ጠፍቶ አልነበረም ወይ?" ቢል ኖሮ ያልፍለት ነበር። አንቀጽ 136 ደግሞ ለትክክለኛ ፍርድ ካስፈለገ ፍርድ ቤቱ ራሱ ምስክሩን በማንኛውም ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ዳኛው "በጨለማ እንዴት ለየኸው?" ቢሉት ምን ነበረበት? የቀረበበትን ምስክር መጠየቅ እኮ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጻፈ መብቱ ነው። ጠበቃ ለሌለው ሰው ዳኛው ቃሉን ካላቀኑለት ማን ያቀናለታል?

ቡና ሲፈላ አጎቴ "ዝም ስላልኩ አመንኩ ማለት ነው?" አለኝ። አንቀጽ 140ን አነበብኩለት፤ አለመጠየቅ ማመን አይደለም።

ትንሽ ቆየና ሲኒውን አስቀመጠ።

"እሱስ ይሁን። ግን ያ ሰውዬ በዚያ ጨለማ እንዴት አየኝ?"