ለድሬ ሙቀት የሚሆን ጎማ

ሰሞኑን የማስበው ስለ ጎማ ብቻ ነው። የኮሮላዬ ጎማዎች አልቀዋል። በጥርሱ መሃል ያለችው ትንሿ የማለቂያ ምልክት ከላዩ ጋር እኩል ሆናለች። ይህ ማለት የቀረው ጥርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መግዛቱ የግድ ነው። የትኛውን የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ለታክሲ ወይም ለቤተሰብ ብቻ የሚነዳ መኪና ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እኛ ግን እሁድ እሁድ ሌላ ሥራ አለን። ጥቂት መኪና ወዳዶች ነን። ከከተማው ወጣ ያለ ሰፊ የአስፋልት ግቢ አለ። ባለቤቱን አስፈቅደን ኮን እንደረድራለን። ከዚያ ተራ በተራ፣ አንድ መኪና ብቻ እየገባ፣ በሰዓት እየተለካ ይነዳል። አሜሪካኖቹ ኦቶክሮስ ይሉታል። ማንም ከማንም ጋር አይጋፋም። ፍጥነቱም ከአውራ ጎዳና ፍጥነት አይበልጥም። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ኮን የመታ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ይህን ሕግ የወሰድነው ከእነሱ ነው።

መንዳት የሚወድ ወጣት ጉልበቱን የሚያወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ደንገጎ ላይ የጫት አይሱዙ ኩርባውን ይዞ ሲወርድ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። መንገድ የሰው ሁሉ ነው። ግቢው ውስጥ ግን የሚወድቀው ኮን ብቻ ነው።

ታዲያ በዚህ ጨዋታ ከሞተርም ከምንም በፊት የሚቀድመው ጎማ ነው። መኪናው መሬት የሚነካው በአራት መዳፍ በሚያህሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ቤንዚኑም የሚሠራው በእነዚያ በኩል ነው። ጥሩ ጎማ የገጠመ ደካማ መኪና፣ መጥፎ ጎማ የገጠመውን ጉልበተኛ ኮኖቹ መሃል ይቀድመዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

በዓለም ላይ ኦቶክሮስ የሚነዱ ሰዎች ስለ ጎማ ሲያወሩ አንድ ቁጥር አይለያቸውም። 200 ነው። በአሜሪካ ስፖርቱን የሚመራው ክለብ፣ ኤስሲሲኤ፣ የጎዳና ጎማ ለሚጠቀሙ ምድቦች የጎማው የዕድሜ ደረጃ ቢያንስ 200 መሆን አለበት ይላል። ደረጃው በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በአሜሪካ ሕግ የሚጻፍ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ መሬት ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከፍ ሲል ይጠነክራል፣ ይቆያል፣ ግን ይንሸራተታል። በሐሳብ ደረጃ 400 የተጻፈበት 200 ከተጻፈበት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው።

በሐሳብ ደረጃ ያልኩት በምክንያት ነው። ፈተናው የሚካሄደው ቴክሳስ ውስጥ በተወሰነ መንገድ ላይ ነው። ጎማው 7,200 ማይል፣ ማለትም 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። መበላቱም ከአንድ መመዘኛ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎማ ላይ 200 ቢጻፍ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እና ሃንኩክ ቬንተስ አርኤስ4 ሁለቱም 200 ናቸው። የመጀመሪያው ገና ከመነሻው ቆንጥጦ ይይዛል፤ ሲሞቅበት ግን ጉልበቱ ይወርዳል። ሁለተኛው እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ብዙ ይታገሳል፣ ብዙም ይቆያል። የብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71 አርኤስ ደግሞ ለአጭርና ለፈጣን ዙር ተብሎ የተሠራ ያህል ነው።

ከዕድሜ ደረጃው ጎን ሁለት ፊደላት አሉ። አንደኛው የመያዝ አቅም ነው። ከኤኤ ይጀምርና ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል። ብዙ ሰው ኤኤ ሲያይ ኩርባ ላይ ይይዛል ብሎ ያስባል። የሚለካው ግን በእርጥብ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ነው። ስለ ኩርባ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው ሙቀትን የመቋቋም ደረጃ ነው። እዚህ ከተማ ላለ ሰው መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄኛው ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ነው የፈረንጆቹ ምክርና የኛ ኑሮ የሚለያየው። እነሱ ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ጎማው እንዴት ይሙቅ ብለው ነው። በጠዋት ብርድ የመጀመሪያው ዙር ያንሸራትታቸዋል። ድሬ ላይ ይህ ጭንቀት የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ሐረር ያለ ሰው ጠዋት ጃኬት ደርቦ ሲወጣ፣ እዚህ ቀዚራ ሰፈር ያለው ጥላ ይፈልጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ አስፋልቱ ከአየሩ ይብሳል። መኪናው ቆሞ እንኳ ጎማው ሞቆ ይጠብቅሃል። የኛ ጥያቄ ጎማው እንዴት ይቀዝቅዝ የሚል ነው።

አንድ መኪና ለሁለት ሲነዳ ደግሞ ይብሳል። እኔ እንደወረድኩ ጓደኛዬ ይገባል፤ ጎማው ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ የለውም። አሜሪካ እንዲህ ሲሆን በመርጫ ውሃ ይረጩበታል። እኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እናቴ ጀሪካኑን ጎማ ላይ ስደፋው ብታየኝ ምን እንደምትል አውቃለሁ። እናም ያ ዘዴ ለኔ አይሆንም። ኤ052 ምርጥ ጎማ መሆኑን አልጠራጠርም። ለዚህ ሙቀት፣ ለሁለት ሹፌር፣ ለአንድ ኮሮላ ግን አይደለም። ይህንን ከዝርዝሬ ስሰርዝ ትንሽ ከፍቶኛል፤ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ጎማ ነው።

ሌላም አለ። ለስላሳ ላስቲክ ሲሞቅ የሚያገኘውን ሁሉ ይለጥፋል። የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው። ንፋስ ሲነሳ ያ አሸዋ ከተማው ውስጥ የማይደርስበት የለም። ኮን ከመደርደራችን በፊት ግቢውን እንጠርጋለን፤ ቢሆንም ዙሩ ሲያልቅ ጎማው ላይ ጠጠር ተሰክቶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ እኮ በዚያው ጎማ ወደ ቤት ነው የሚኬደው። ሰኞ ሥራ አለ። በወሩ መጨረሻ ሐረር ዘመድ ጥየቃ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናብ አለ። አብዛኞቹ 200 ጎማዎች ጥርሳቸው ከመነሻው ጥልቅ አይደለም። ግማሹ ሲያልቅ ውሃ የሚያስወጡበት ቦይ ይጠባል። ደንገጎ ላይ በዝናብና በጉም ያንን ጎማ አልፈልገውም። ለእሁድ የተለየ ጎማ ከነቸርኬው መግዛት የሚችል ይግዛ። እኔ አንድ ጎማ ነው የምገዛው፤ እሱም ሁሉንም መቻል አለበት።

ስለ መጠኑ ብዙ ደብተር አበላሽቻለሁ። አሁን ያለው 195/60 አር 15 ነው። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ነው፤ የስፋቱ 60 በመቶ ማለት። 15 የቸርኬው ኢንች ነው። ጥሩ ጥሩ የስፖርት ጎማዎች በ15 ኢንች በብዛት የሚገኙት በ195/50 ነው። ጎኑ አጭር ስለሆነ ኩርባ ላይ አይተኛም፤ መሪው ቶሎ ይመልሳል። ግን ሒሳቡ ሲሠራ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከ615 ሚሊ ሜትር ወደ 576 ይወርዳል። መኪናው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ ማለት ነው። በኛ ሰፈር መንገድና በኛ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ 2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም ይሳሳታል፤ 100 ሲል እውነተኛው 94 ገደማ ነው። የሚሸከመውም ክብደት ይቀንሳል። አሁን ያለው 88 ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ይችላል። በ195/50 የተለመደው 82 ነው፤ 475 ኪሎ።

መሃሉ 195/55 ነው። መኪናውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያወርደው። ጎኑ ከአሁኑ ያጥራል፣ ግን ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬውን የሚጠብቅ ላስቲክ ይተርፈዋል። ልቤ እዚህ ላይ አረፈ።

ባለፈው ጎሚስታው ጋር ሄጄ ነበር። ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ከጓዳ አንድ የታወቀ ስም ያለው ጎማ አወጣልኝ። ዋጋው ደስ ይላል። ጎኑን አዙሬ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈለግኩ። 2316 ይላል። በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ዓመቱ የፈረንጅ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል።»

«አቦ ምን አርጅቷል ትለኛለህ! ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ሜትር አልተነዳም። ጎማ ግን ቆሞም ያረጃል። ሙቀትና ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ለስላሳነቱ ይጠፋል። ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን መልኩ ቢያምርም አትጠቀሙ የሚሉ አምራቾች አሉ። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ይታይ ይላሉ። ይህንን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁት። ጥፍሩን ላስቲኩ ላይ ተክሎ ሞከረ። ዝም ብሎ ወደ ጓዳ መለሰው። ደግ ሰው ነው፤ አስገድዶ ሊሸጥልኝ አልሞከረም።

ከዚህ በኋላ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው፦ ትኩስ መካከለኛ ጎማ ካረጀ ምርጥ ጎማ ይሻላል። ሩቅ አገር ሆኖ በየሳምንቱ አዲስ ጎማ ለሚጫንለት ሰው ይህ ጥያቄ አይሆንም ይሆናል። እዚህ ግን ጎማው ባሕር ተሻግሮ፣ መጋዘን ተቀምጦ፣ በጭነት መኪና ፀሐይ ሲመታው ውሎ ነው የሚመጣው። የስሙን ያህል ቀኑ ወሳኝ ነው።

ነፋሱን በተመለከተ ጎማው ከመምጣቱ በፊትም የምናውቀው አለ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማው ነፋስ በ1.5 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ይላል። ጠዋት 32 የሞላኸው ከጥቂት ዙር በኋላ 36 ወይም 37 ሊሆን ይችላል። ያኔ መሃሉ ያብጥና መሬት የሚነካው ቦታ ያንሳል። ስለዚህ በየዙሩ መለካትና ማስተንፈስ ነው። ጎማው በዝቶበት ወይም አንሶበት እንደሆነ በጠመኔ ይታወቃል። ጠመኔውን ከጎኑ ጀምረህ እስከ ጥርሱ ጠርዝ ትቀባዋለህ። ዙሩን ነድተህ ስትመለስ ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ጠፍቶ ከሆነ ጎማው እየተኛ ነው፤ ነፋስ ጨምር። ጠርዙ ላይ ሳይነካ ከቀረ በዝቷል፤ ቀንስ። እንደኔ ኮሮላ የፊት እግሩ ለሚጎትት መኪና ደግሞ የኋላውን ትንሽ ጠንከር ማድረግ ይረዳል። አለበለዚያ መሪውን ብታዞረውም አፍንጫው ቀጥ ብሎ ወደ ኮኑ ይሄዳል።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። 200ዎቹን ትቻለሁ። 195/55 አር 15፣ 85 ቪ። አንዱ 515 ኪሎ ይሸከማል፤ ቪ ማለት እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚችል ነው፤ ያንን ፍጥነት ፈልጌው ሳይሆን ሙቀት የሚችል አካል ስላለው ነው። ዓይነቱ ፖቴንዛ አርኢ003 ወይም እሱን የሚመስል፣ ለበጋ የተሠራ የጎዳና ስፖርት ጎማ። በሙቀት ደረጃው ከፍተኛው፣ ኤ። ከ200ዎቹ ጥቂት ሰከንድ ሽርፍራፊ እንደማጣ አውቃለሁ። ግን ከመልቀቁ በፊት የሚጮህ ጎማ ነው፤ ሲጮህ ደግሞ እግሬን አነሳለሁ። ለሚማር ሹፌር ይህ ጩኸት ትልቅ ነገር ነው። በጣም የሚይዙት ጎማዎች ብዙም ሳያስጠነቅቁ ነው የሚለቁት። ከኛ መሃል መንዳት ገና የሚለማመዱ ልጆች አሉ፤ እነሱም በዚህ መኪና ነው የሚሞክሩት።

ጓደኛዬ አልተስማማም። «አንዴ ከገዛህ አይቀር ምርጡን ግዛ» ባይ ነው። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ የዋጋውን ግማሽ እሱ ስለሚከፍል የመናገር መብት አለው። ቢሆንም ከዱባይ ዕቃ ለሚያመጣው ነጋዴ ትናንት መጠኑን ጽፌ ልኬለታለሁ። አራቱም ከአንድ ዓመት ምርት እንዲሆኑ፣ ቀኑም ከ2 ዓመት እንዳይበልጥ ነግሬዋለሁ። ብር ከመክፈሌ በፊት የአራቱንም ጎን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።