ፍልስፍናንና ነገረ መለኮትን ጎን ለጎን ስማር

በምሥራቅ ጎጃም በቅኔ ቤት ካደግሁ በኋላ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ደብረ ማርቆስ ላይ ማስተማር ጀመርሁ፤ ከዚያም ፍልስፍናንና ነገረ መለኮትን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በአንድ ዘመን ለመማር ወሰንሁ። ከዲማና ከደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ወጥተው ዘመናዊውን ትምህርት የቀጠሉ ወጣቶች እንዴት እንደ ሆነልኝ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መንገዱን በጽሑፍ ማስቀመጡ የሚሻል መሰለኝ።

ጣምራ ዲግሪ የሚባለው ነገር በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ ክፍሎች ተስማምተው በአንዱ የተወሰደውን ኮርስ ሌላው ስለሚቆጥርለት፣ ተማሪው ዲግሪዎቹን ለየብቻ ቢማር ከሚወስድበት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቋማት ደግሞ ፍልስፍና ለነገረ መለኮት መንደርደሪያ ነው፤ በመጀመሪያው የነገረ መለኮት ዲግሪ የሁለት ዓመት ፍልስፍና ቀድሞ የሦስት ዓመት ነገረ መለኮት የሚከተልበት ሥርዓት አላቸው። በ1425 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቤልጅየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ በ1889 እ.ኤ.አ. የፍልስፍና ተቋሙን ሲያቋቁም የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ የሆነውን የቶማስ አኩዊናስን ትምህርት ከዘመኑ ሳይንስ ጋር ለማገናኘት አስቦ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ የተሰናዳ መንገድ አልጠበቀኝም። አዲስ አበባ ላይ ያገኘሁት ፍልስፍናን በመደበኛው፣ ነገረ መለኮትን በማታው መርሐ ግብር የሚያስተምሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ተቋማት ነው። ምዝገባው ሁለት፣ አማካሪው ሁለት፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ሁለት ስለሆነ፣ ትምህርቶቹን የማጣመሩ ሥራ በእኔው ላይ ወደቀ።

ያጣመርኋቸው በአንድ ጥያቄ ነው። የሰው ልጅ አስቀድሞ በሕገ ልቡና፣ ቀጥሎ በሕገ ኦሪት፣ በኋላም በሕገ ወንጌል እንደ ኖረ በጉባኤ ቤት ያላደገም ሰው በስብከት ይሰማዋል። ታዲያ መጽሐፍ ያልደረሰው ሰው በጎውን ከክፉው ለይቶ የሚያውቀው እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ጥያቄ በነገረ መለኮት በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው እንደ ተጻፈ ወደሚያስረዳበት ወደ ሮሜ 2፥14-15 ይወስዳል፤ በፍልስፍና በኩል ደግሞ በ1274 እ.ኤ.አ. ያረፈው አኩዊናስ ስለ ተፈጥሮ ሕግ ካቀረበው ክርክርና በዘርዐ ያዕቆብ ስም ከሚታወቀው፣ ሐተታ ከተባለው የግእዝ የፍልስፍና መጽሐፍ ጋር ያገናኛል። አንዱን ጽሑፍ በሁለት ቦታ ማቅረብ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ገና ፕሮፖዛሉን ሳዘጋጅ ድንበሩን አሰመርሁ፤ ለፍልስፍናው የሐተታውን ክርክር ከአኩዊናስ ጋር አነጻጽሬ መመርመርን፣ ለነገረ መለኮቱ የሮሜን መልእክት አንድምታ፣ ማለት በጉባኤ ቤት የሚሰጠውን ትርጓሜ፣ ማጥናትን መደብሁ። ለሁለቱም አማካሪዎች የሁለቱንም ፕሮፖዛል ሰጠኋቸው። በኋላ ጥያቄ ሊያስነሣ የሚችለው ነገር ሁሉ በዚያው ስለ ተዘጋ ይህን እርምጃ ለማንም እመክራለሁ።

ሐተታን ለመረጠ ሰው ሌላ ሸክም አለ። መጽሐፉ ተወላጅነቱ ከአክሱም የሆነ፣ በ1599 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ዜማና ቅኔ የመጻሕፍትም ትርጓሜ የተማረ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ሆኖ ቀርቧል። ነገር ግን የብራና ቅጂዎቹን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካቶሊክ (ካፑቺን) ሚስዮናዊ ስለሆነ፣ ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ሲል ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ሲያዘጋጅ ሐተታው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋረጠም። እኔ በጽሑፌ የደራሲውን ማንነት ለብቻው በአንድ ክፍል አቅርቤ፣ የመጽሐፉ አሳብ የተመሠረተበት አመክንዮ ጸሐፊው ማንም ቢሆን ሊመዘን እንደሚችል አስረድቼ አለፍሁ። ከአገር ፍቅር የተነሣ ብቻ የሚጻፍ መከላከያ ለፈታኝ እንደማይበቃ ማወቅ ይገባል፤ እንዲያውም በእጃችን ያሉትን፣ ከዐረብኛ የተተረጎመውን መጽሐፈ ፈላስፋንና ከግሪክኛ የመጣውን ፊሳልጎስን የሚያነብባቸው ጠፍቶ በአንድ መጽሐፍ ብቻ መከራከራችን ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የሁለቱ ቤቶች የአነባበብ ልማድ ልዩነት ነው። የትርጓሜ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል ይፈታና «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምርበታል፤ ታሪክ ያመጣል፣ ጥቅስ ያቀርባል፣ ሐተታ ያክልበታል፤ ከፍቾቹ መካከል አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል አይገደድም። በፍልስፍናው ክፍል ግን ሦስት አስተያየት ዘርዝሬ ስጨርስ መምህሩ «አንተስ የትኛውን ትይዛለህ? ስለምን?» ይለኛል። የጉባኤ ቤት ልጅ ይህን ሲሰማ ድፍረት ይመስለዋል። ለዕረፍት ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ስመለስ የሐዲሳት መምህሬን የኔታን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «የምትጠቅሰው ቃል ከነገሩ ጋር ካልተስማማ እኛስ ዝም ብለን እንቀበላለን?» አሉኝ። «ጉባኤ ዘርግተን የምንጠያየቀው ለምን ይመስልሃል?» ከዚያ ወዲህ አንድምታውን በሌላ ዓይን አነበብሁት፤ ፍቾቹ በአንድ ረድፍ ቢቀመጡም በየትኛው ላይ ብዙ ማስረጃ እንደ ተደገፈ፣ የትኛው ደግሞ በአጭሩ እንደ ታለፈ መቁጠር ጀመርሁ፤ የነገረ መለኮቱ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍም ከዚህ ተወለደ። በአንጻሩ በፍልስፍናው ክፍል አኩዊናስ ራሱ በየጥያቄው ተቃራኒ አሳቦችን ደርድሮ ከዚያ የራሱን መልስ እንደሚሰጥ፣ ለተቃራኒዎቹም አንድ በአንድ እንደሚመልስ ሳይ አቀራረቡ ባዕድ አልሆነብኝም።

ቅኔ ቤት የሰጠኝ ጥቅም ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ግእዙ በርግጥ ጠቀመኝ፤ ሐተታውንም አንድምታውንም ያለ አስተርጓሚ አንብቤአለሁ። ሎጂክ ግን አልሰጠኝም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሌላ ሙያ ስለ ነበረ ማሟያ ኮርስ እንድወስድ ታዘዝሁ፤ በዚያም ሎጂክን ከመሠረቱ ተማርሁ። መወድስ የተባለውን የቅኔ ዓይነት የሚዘርፍ ተማሪ ሁለት አሳብ በአንድ ቃል ማሳረፍ ይችልበታል፤ የሎጂክ ፈተና ደግሞ አንድ ቃል ከመነሻው እስከ መደምደሚያው በአንድ ፍች ብቻ እንዲሄድ ይጠይቃል። ሁለቱን ችሎታ በየቦታቸው መያዝ ይቻላል፣ ልምምዱ ግን በጊዜ መጀመር አለበት። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ማንበቡ ብዙ አያስቸግርም፤ ችግሩ ባለ ብዙ ገጽ ክርክር አቀናብሮ መጻፉ ላይ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ የምለው ጥቂት ነው። የትምህርት ፈቃድ ሳላገኝ ባልጀመርሁም ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ እየተመላለሱ መማር አይታሰብም። ማታ ነገረ መለኮት የሚማር ሰው የፍልስፍናውን ንባብ የሚያነብበው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ተቋማት የፈተና ሳምንት እንዳይገጣጠም የኮርስ ምርጫውን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ማስላት ያስፈልጋል። ሁለቱን የመመረቂያ ጽሑፎች በአንድ ሴሚስተር ለማቅረብ ማሰብ ጤና አይደለም፤ እኔ የፍልስፍናውን አስቀደምሁ። ከተመለስሁ በኋላ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለእድገት የቆጠረልኝ አንዱን ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ዲግሪ ሁለት እርከን እወጣለሁ የሚል ሰው ከመመዝገቡ በፊት መሥሪያ ቤቱን ይጠይቅ።

በፍልስፍናው ዲፌንስ ላይ አንደኛው ፈታኝ የልቡና ሕግ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ከተባለ አምላክን የማያምን ሰው ለምን ይገዛለታል ብለው ጠየቁኝ፤ በነገረ መለኮቱ ደግሞ የልቡና ሕግ ያን ያህል የሚበቃ ከሆነ ወንጌል ምን ይጨምራል አሉኝ። ለመጀመሪያው፣ አንድ ግዴታ ከየት እንደ መጣ መጠየቅና ግዴታውን እንዴት እንደምናውቀው መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን መለስሁ። ለሁለተኛው፣ ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 7 በጎውን እያወቀ ማድረግ ስላቃተው ሰው የጻፈውን አቀረብሁ። ከሁለቱም መልስ ያጠረው ሁለተኛው ነበር፤ ፈታኞቹም በጽሑፉ መግቢያ ላይ እንዲሰፋ አዘዙኝና አስፍቼ አስረከብሁ።