ከዳገቱ ግርጌ የማይታየው ቤተ መንግሥት

የሕንጻ ስዕል መለማመድ ከጀመርኩ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ይህን ወር የከረምኩት ከኒው ዴልሂው ራሽትራፓቲ ባቫን ጋር ነው። ዛሬ የሕንድ ፕሬዚዳንት የሚኖርበት ነው፤ ሲሠራ ግን ለእንግሊዙ እንደራሴ ነበር። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፣ በተለይ የሳትኩትን።

መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ ካለው ሰፊ ጎዳና፣ ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ሆኜ ሳልኩት። ዓምዶቹን፣ ደረጃውን፣ ጉልላቱን፣ ሁሉንም አወጣሁ። አብራኝ የምትለማመድ ጓደኛዬ አየችውና "ከዚህ ቦታ እኮ እንዲህ አይታይም" አለችኝ። ፎቶ ሳገላብጥ እውነቷን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደረስ ኮረብታው ቤቱን ይውጠዋል፤ ብቅ የሚለው ጉልላቱ ነው።

ነገሩ የሁለት አርክቴክቶች ጠብ አለበት። ቤተ መንግሥቱን የነደፈው ኤድዊን ሉትየንስ ነው። ከፊቱ ግራና ቀኝ የቆሙትን የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ኸርበርት ቤከር። ቤከር የእሱም ሕንጻዎች ራይሲና ኮረብታ ላይ፣ እኩል ከፍታ ይውጡ አለ። ሉትየንስ ተስማማ። ቤተ መንግሥቱም ወደ ኋላ ተገፋ። ሉትየንስ የዳገቱ ነገር ቆይቶ ሲገባው መንገዱ ተቆፍሮ እንዲለዝብ ብዙ ተሟገተ። ወጪው ይበዛል ተብሎ ተከለከለ። ወዳጅነታቸውም በዚሁ ሻከረ።

ይህን ታሪክ ቀድሜ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ኮረብታውን ከጎን ቆርጬ ስስለው ነው። ግርጌው ላይ አንዲት ነጥብ አደረግኩ፣ የሰው ዓይን ናት። ከእሷ ተነሥቼ የዳገቱን አፋፍ ታክኬ ማስመሪያዬን ዘረጋሁ። መስመሩ ሄዶ ቤቱን ከጉልላቱ በታች ቆረጠው። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ለዓይን የለም። ሉትየንስን የቆጨው ያቺ አንዲት መስመር ናት።

ቀጥሎ ጥላ። እስከ ሦስተኛው ሙከራ ድረስ ግድግዳው ዝርግ ሆኖብኝ ነበር። የረሳሁት ቻጃ የሚሉትን ነው፤ ከግድግዳው ርቆ የሚወጣ ቀጭን የድንጋይ ክፈፍ፣ ለሕንድ ፀሐይና ለከባድ ዝናብ የሚሆን። ከሥሩ በ4ቢ፣ ለስላሳና ጥቁር በሆነ እርሳስ፣ ጠበቅ ያለ ጥላ ሳስቀምጥ ሕንጻው ተነሣ። ሉትየንስ ለሕንድ ኪነ ሕንጻ ብዙም ፍቅር አልነበረውም። የሕንድ መልክ ይኑረው ብሎ አጥብቆ የያዘው እንደራሴው ሎርድ ሃርዲንጅ ነው። እኔ ግን ከሕንጻው የምወደው ከዚያው ከሕንድ የተወሰደውን ነው። ጉልላቱ ሕንድ ውስጥ ሳንቺ በሚባል ቦታ ያለውን ስቱፓ፣ ማለትም ጉልላት መሰል የቡድሃ መቅደስ፣ ያስታውሳል። ቀዩና ክሬሙ የአሸዋ ድንጋይም ያገሩ ነው።

ዋና ከተማው ከካልካታ ወደ ዴልሂ እንደሚዛወር ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ያወጁት በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ግንባታው በ1912 ተጀምሮ በ1929 አለቀ። 340 ክፍሎች አሉት። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፤ ራይሲናና ማልቻ የሚባሉ መንደሮች ነበሩበት፣ ሰዎቹ እንዲነሡ ተደረገ። ስዕሌ ላይ ኮረብታው ገላጣ ሆኖ ስለሚታይ የመንደሮቹን ስም ጥግ ላይ ጻፍኩ። ሳይጻፍ ቢቀር ደስ አይለኝም።

አሁን የያዝኩት የዓምዶቹን ራስ ነው። በየማዕዘኑ የድንጋይ ደወል ተቀርጾበታል። ደወል ሲጮህ የሥርወ መንግሥት ፍጻሜ ነው የሚል እምነት ነበርና፣ ድንጋይ የሆነ ደወል አይጮህም ተብሎ የተሠራ ነው ይባላል። ከተማዋ በ1931 ተመረቀች፤ በ1947 እንግሊዞች ወጡ። የነጻዋ ሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩም በዚሁ ቤት፣ በጉልላቱ ሥር ባለው አዳራሽ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

የደወሉ ከንፈር ላይ ያለው ክብ አሁንም ይጣመምብኛል። ድንጋይ ላይ ክብ ጥላ የምታወጡበት ዘዴ ካላችሁ አሳዩኝ።